«ምን ጥልቅ አደረገው?»

የዛሬው ጨዋታችን እንደ ወትሮው ስለ ቤት ወጪ ወይም ስለ ልጆች የምሳ ዕቃ አይደለም። የተጀመረው ግን እዚያው የለመድነው ቦታ፣ ቡና ላይ ነው።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ አምቦ ወላጆቼ ቤት ተሰብስበን ነበር። ቤቱ እንደ ሁልጊዜው ሙሉ ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ አባቴ ከምሳ በኋላ የማይለየው የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ከአጠገቡ አለ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ ስኒ ስታቀብል የነበረችው የወንድሜ ልጅ «እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጋዜጠኝነት ነው የማጠናው» አለች። ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት።

ወንድሜ ሳቅ ብሎ «ቲቪ ላይ ልትታዪ?» አላት።

«አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ የት እንደገባ እያጣሩ የሚጽፉት አሉ አይደል? እንደ እነሱ።»

ሳቁ እዚያው ቆመ። እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ «ልጄ፣ ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው?» አለቻት። ወንድሜ መቁጠር ጀመረ፤ የታሰረውን፣ የተሰደደውን፣ የሞተውን። «ሩቅ አትሂጂ» አላት። «በደጃፋችን የሚያልፈው አስፋልት ነቀምትን አልፎ ደምቢ ዶሎ ያደርሳል። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ጋዜጠኛ የነበረው ሲሳይ ፊዳ ግንቦት 2013 እዚያ ከተማ ተገደለ። ሰው ነው፣ እናት አለው።»

ልጅቷ ደጋፊ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረች። «አዳዳ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። አዳዳ በእኛ ቤት የአባት እህት መጠሪያ ነው። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳላስብ «እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አልኳት።

ጨዋታው በዚያው ሞተ። አንድ ቃል ሳይናገር የቆየው አባቴ ብቻ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

ሦስቱ ፕሮፎርማዎች

እውነቱን ልንገራችሁ። ያቺን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ እንዳልሆነች ትዝ አለኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ሌላ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ያኔም ማርኬቲንግ ክፍል ነበርኩ። ለዘመን መለወጫ ካላንደርና አጀንዳ ልናሳትም ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ሦስት ማተሚያ ቤት፣ ሦስት ማኅተም፣ ሦስት ዋጋ። ወረቀቶቹ በእኔ ጠረጴዛ ላይ አልፈዋል። ሦስቱም ላይ ያው ቃል፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፊደል ተሳስቶ ነበር። ሦስት ማተሚያ ቤት አንድ ስሕተት አይሳሳትም። አየሁት፤ አይቼም ፈርሜ አሳለፍኩት።

ያልዘለለው የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን ነበር። ወረቀቶቹን ይዞ ሄዶ ጠየቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ ልጆቹ ከሚማሩበት ከተማ ርቆ ወደሚገኝ ቅርንጫፍ ተዛወረ። የመሸኛ ቡና አፈላን፤ አንዳችን ስለ ሥራው ትጋት፣ አንዳችን ስለ ጨዋታው ተናገርን። እሱ ከወጣ በኋላ ግን በሩን ገጠም አድርገን «ምን ጥልቅ አደረገው?» ተባባልን። እኔም ብያለሁ። «ዋጋው በስንት ተጋንኖ ነበር?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ካላንደሩ ታተመ። ሽፋኑ ላይ ስለ ታማኝነት የሚያወራውን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም እኔው ነበርኩ።

ይህን የምነግራችሁ ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ይህች አነጋገር እንዴት እንደምትሠራ ስላየሁ ነው። ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር» እንላለን። የሞተው የሌብነት ወረቀት ሲያገላብጥ ከሆነ ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ቆይ፣ ምን ጥልቅ አደረገው?» እንጨምራለን። ያን ጊዜ ጥያቄው ከገዳዩ ላይ ተነሥቶ ሟቹ ላይ ያርፋል። የሚመረመረው ወንጀሉ መሆኑ ቀርቶ የሟቹ ጠባይ ይሆናል፤ «እልኸኛ ነበር»፣ «ምክር አይሰማም ነበር»፣ «ስለ ልጆቹ እንኳ አያስብም ነበር» እንባባላለን። ልቅሶው ሳያልቅ ፋይሉ በእኛው በሐዘንተኞቹ እጅ ይዘጋል።

አባቴ ያመጣው ጥራዝ

አባቴ ተመልሶ ሲመጣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የቢጫ ቀለም የያዘ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ይዞ ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። አባቴ ያን ጊዜ ጉደር የሚያስተምር ወጣት መምህር ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ሲሰበሰብ ኮፒው ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ዞሮ እሱም ዘንድ ደረሰ። «በር ዘግቼ፣ ራዲዮ ከፍቼ ነው ያነበብኩት» አለን። ከዚያ ለልጅቷ ይሰጣል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዘረጋው። «ያንቺም ሥራ ማስታወቂያ ነው፤ እሱም ማስታወቂያ ሚኒስቴር ነበር። መጀመሪያ አንቺ አንብቢው።»

ብዙዎቻችሁ በዓሉን በልብ ወለዶቹ ታውቁታላችሁ። ጋዜጠኝነቱን ግን እንዘነጋዋለን። ኢሉባቦር ተወልዶ፣ ጄኔራል ዊንጌት ተምሮ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አልፎ፣ አሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ ጋዜጠኝነትን ያጠና ሰው ነው። «መነን» መጽሔትን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን፣ «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በአዘጋጅነት መርቷል። በደርግ ዘመን ደግሞ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ባለው የቋሚ ተጠሪነት ወንበር ተቀመጠ። መልካም መልካሙን መናገር የሥራ ድርሻው ነበር ማለት ነው፤ ልክ እንደ እኔ።

በ1974 መንግሥት የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲያውጅ በዓሉ ከፕሮፓጋንዳ ሰዎች ጋር አስመራ ወረደ። ሊያሞካሽ የተላከው ሰው ዓይኑን ግን አልጨፈነም። በ1975 «ኦሮማይ» ታተመ። ባለታሪኩ ፀጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። በእሱ ዓይን የትልልቆቹን ሰዎች ምቾትና ሽኩቻ፣ ከፊት ያለው ወታደር ከሚከፍለው ዋጋ ጋር ጎን ለጎን እናየዋለን። ርእሱ አስመራዎች ከጣሊያንኛ የወሰዱት ቃል ነው፤ «በቃ፣ አበቃ» እንደማለት። ዛሬ «ሙስና» የምንለው የገንዘብ ዝርፊያን ብቻ ከሆነ መጽሐፉ የሙስና ዘገባ አይደለም። ሙስና ሹመትን ለራስ ጥቅም ማዋል፣ የሌላውን ሰው ሕይወት ለራስ ዝና ማውጣት ነው ካልን ግን ከዚያ የበለጠ ምርመራ የት ይገኛል?

መጽሐፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከመደብር ተለቀመ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ሰውየው አልተገኘም። እስከ ዛሬም አስከሬኑ አልተገኘም፤ እንዲህ ሆነ ብሎ ለቤተሰቡ የነገረ ችሎት የለም። ደርግ ወድቆ፣ ባለሥልጣናቱ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ታኅሣሥ 1999 የዘር ማጥፋት ጥፋተኞች ተብለው ሲፈረድባቸው እንኳ «በዓሉን የት አደረጋችሁት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልመጣም።

እስቲ ይህን እንደ ቤተሰብ አስቡት። ባለቤቱ ወይዘሮ አልማዝ አበራ ልጆች ይዛ ቀረች። በእኛ ወግ ሞት እንኳ ሥርዓት አለው። ድንኳን ይጣላል፣ ዕድር ይመጣል፣ ሦስት ይወጣል፣ አርባ ይቆጠራል፣ ሙት ዓመት ይዘከራል። እያንዳንዷ ቀን ለሐዘንተኛው እንደ ደረጃ ናት፤ እየረገጠ ከጉድጓዱ ይወጣል። «ወጥቶ ቀረ» ለተባለ ሰው ግን አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? ልብሱስ መቼ ይሰጣል? ልጅ «አባዬ መቼ ይመጣል?» ሲል ምን ይባላል? ሰውን የሰወረ ሰው አንድ ሕይወት ብቻ አይወስድም፤ የአንድ ቤት ሰዓት ያቆማል።

በዚያ ዘመንም «እያወቀ ምን ጥልቅ አደረገው?» ያለ ሞልቶ ነበር። አባቴ ራሱ «እኔም ብያለሁ፤ ደግሞም ፈርቼ ነው ያልኩት» አለኝ። ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ በዚያ ዘመን ያልፈራ የለም። የገረመኝ ሌላ ነው። ፍርሃቱ ካለፈ አርባ ዓመት ሞልቶታል፤ አነጋገሩ ግን እኔ ዘንድ ደርሷል። ለወንድሜ ልጅም ላወርሳት ስል ነው አባቴ የያዘኝ።

ጠያቂ ያገኙ ሟቾች

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። ደስ የሚል ተስፋ ነው። ግን ንጋት ማንም ባይጠይቀውም ይነጋል፤ እውነት እንደዚያ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ከተመዘገቡት የጋዜጠኞች ግድያዎች 85 በመቶ ያህሉ እልባት አላገኙም። እልባት ያገኙት ጥቂቶቹ ምን አግኝተው ነው ብዬ ሳነብ ሰነበትኩ። ሦስቱን ላካፍላችሁ።

ከቡርኪና ፋሶ ልጀምር። ኖርበርት ዞንጎ «ሊንዴፓንዳን» የተባለ ጋዜጣ ባለቤትና አዘጋጅ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሾፌር የነበረ ሰው በገንዘብ ስርቆት ተጠርጥሮ ከተያዘ በኋላ ሞተ። ዞንጎ «ይህ ሰው እንዴት ሞተ?» እያለ ሳያቋርጥ ጻፈ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1998 ሳፑይ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ዞንጎና አብረውት የነበሩ ሦስት ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ተቃጥለው ተገኙ። አንዱ ገዛ ወንድሙ ነበር። በ2006 የአገሪቱ ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ግን አሩሻ ታንዛኒያ ወደሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱም መጋቢት 2014 መንግሥት ገዳዮቹን ለማግኘት የሚገባውን ያህል አልመረመረም ሲል ፈረደ። በ2015 መዝገቡ እንደገና ተከፈተ። አስቡት፣ ቤተሰቦቹ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አንዲት ጥያቄ ይዘው ቆመዋል።

ሁለተኛው የሞዛምቢኩ ካርሎስ ካርዶሶ ነው። «ሜቲካል» የምትባል ትንሽ ጋዜጣ ነበረችው። ከአንድ ትልቅ ባንክ የተዘረፈ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሲከታተል እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2000 ማፑቶ ከተማ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ክሱ ሲታይ ችሎቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ሕዝቡ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ሰማ። በጥር 2003 ስድስት ሰዎች ተፈረደባቸው።

ሦስተኛዋ የማልታዋ ዳፍኔ ካሩዋና ጋሊዚያ ናት። የሦስት ወንዶች ልጆች እናት ነበረች። የፖለቲከኞችን የተደበቀ ገንዘብ ስትከታተል እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 2017 መኪናዋ ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለች። ልጆቿና ባሏ «ቦምቡን ማን ጠመደው?» በሚለው ብቻ አልረኩም፤ «ማን አዘዘ? መንግሥትስ የት ነበር?» ብለው ገለልተኛ አጣሪ ጉባኤ እንዲቋቋም ታገሉ። ተቋቋመም። ጉባኤውም በ2021 መንግሥት ለሞቷ ኃላፊነት መውሰድ አለበት ሲል ደመደመ።

ልብ በሉ፣ በሦስቱም አገሮች ገዳይን የሚያስፈራው ብርቱ ፖሊስ ወይም የተለየ ሕግ አልነበረም። የሚለያቸው ነገር በቤትም በመንገድም ሰዉ «ምን ጥልቅ አደረጋቸው?» ማለቱን ትቶ «ምን ሊጽፉ ነበር? ማንን አስፈራ?» ማለቱ ነው።

የእኛ ከተሞች

በሥራዬ ምክንያት ከጊንጪ እስከ ባኮ ያሉትን የምዕራብ ሸዋ ከተሞች እዞራለሁ። ሱቅ እገባለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ ሰው አዋራለሁ። እያንዳንዷ ከተማ «ያ ቦታ እንዴት ተሰጠ?»፣ «ያ ግንባታ ለምን ቆመ?» የምትልበት ጉዳይ አላት። ጥያቄው ሻይ ቤት ውስጥ ይወለዳል፣ እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ ያረጃል። ወረቀት ፈልጎ፣ ሁለቱንም ወገን አነጋግሮ፣ ስሙን ከታች አስፍሮ የሚጽፍ ሰው ካላገኘ ጥያቄው ሐሜት ሆኖ ይቀራል። ሐሜት ደግሞ ሌባውንም ጨዋውንም እኩል ያቆሽሻል።

ኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ተማሪዎች አደባባይ የወጡት በኳስ ሜዳቸውና በጭሊሞ ደን ጉዳይ ነበር። ማን ሰጠው? ለማን? በምን አግባብ? እነዚህ ጥያቄዎች ቀድመው ጋዜጣ ላይ ቢወጡ መልሱም በወረቀት ይመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። ወረቀት ላይ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ልጆች በእግራቸው ወጥተው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የተከፈለውን ዋጋ የአካባቢው እናቶች ይናገሩ። አምቦም ብትሆን የሃጫሉ ሁንዴሳን አስከሬን ሰኔ 25 ቀን 2012 ተቀብላ የቀበረች ከተማ ናት። ሰው ተገድሎ ጥያቄው አየር ላይ ሲቆም ቤትን፣ ገበያን፣ ጉርብትናን ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ አልተማርነውም።

ሕጉስ? ሕጉ ከምናስበው በላይ ከጠያቂው ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ሰውን አስገድዶ መሰወርንና ያለ ፍርድ መግደልን የመሰሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ ይናገራል። ዓመታት ስላለፉ ብቻ ጥያቄው አይሞትም ማለት ነው። ሙስናን ለሚጠቁሙና ለሚመሰክሩ ሰዎች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 699/2003። የእኔ የቀድሞ ባልደረባ ይህን አዋጅ አያውቀውም ነበር። እኔም አላውቀውም ነበር።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ሁላችንም ጋዜጠኛ አንሆንም፤ መሆንም የለብንም። ቤታችን ውስጥ ልናደርጋቸው የምንችላቸው ጥቂት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፣ እውነት ሲያጣራ የሞተ ሰው ዜና በቤታችሁ ሲሰማ፣ ልጆች ፊት የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ጽፎ ነበር?» ይሁን። ልጅ የምንናገረውን ይረሳ ይሆናል፤ ማንን እንደወቀስን ግን አይረሳም።

ሁለተኛ፣ የማታውቁትን አትሙሉበት። አጠራጣሪ ሞት ሲሰማ ሁላችንም መርማሪ እንሆናለን። በስልክ የተላከልንን ሁሉ ወደ ዘመድ እንልካለን። ወሬ ሲበዛ ማስረጃው ይጠፋል፤ በወሬው ውስጥ ደግሞ ጥፋተኛው ይደበቃል። ያያችሁት ነገር ካለ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጻፉና አስቀምጡ፤ ለሚመለከተውም ንገሩ። ካላያችሁ «አላየሁም» ማለት ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከራሳችሁ ደጃፍ ጀምሩ። ዕድራችሁ ውስጥ «የዓመቱ ሒሳብ ይነበብልን» የሚል ሰው ሲነሣ ፊታችሁ ይጠቁራል ወይስ ወንበር ታቀርባላችሁ? ደረሰኝ የሚጠይቅ ልጃችሁን «አታዋርደን» ትሉታላችሁ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ልጆች ፊት እየሳቅን የምንናገረው እኛው ነን። ኋላ ጋዜጠኛው ብቻውን እንዲያርመው እንጠብቃለን።

አራተኛ፣ ልጃችሁ ይህን ሙያ ከመረጠ ከመከልከል ይልቅ መጠንቀቅን አስተምሩት። ሰነድ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም፤ ቅጂው በሌላ ታማኝ ሰው እጅ ይሁን። ማንን ለማግኘት፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚሄድ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። አንድ ምንጭ ምንጭ አይደለም። ደግሞም ብቻውን የያዘውን ምስጢር ሌሎች ባልደረቦቹም ቢይዙት እሱን ማስወገድ ምስጢሩን አይቀብረውም። ዳፍኔ ከሞተች በኋላ ከብዙ አገር የተውጣጡ ጋዜጠኞች የጀመረችውን ሥራ ተከፋፍለው ቀጥለውታል።

አምስተኛ፣ የሟቹን ቤት አትርሱ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ ከሐዘንተኞቹ ጋር ጥያቄውም ብቻውን ይቀራል። በስድስተኛው ወር ደጃፏን አንኳኩታችሁ «ጉዳዩ ከምን ደረሰ?» ብትሏት፣ አብራችሁ እስከ ችሎት በር ብትሸኟት፣ የዞንጎ ቤተሰብ ለዓመታት ያቆመውን ዓይነት ጉልበት ሰጣችኋት ማለት ነው።

ሁለተኛው እሑድ

«ኦሮማይ»ን በአራት ሌሊት ጨረስኩት። በሁለተኛው እሑድ ጥራዙን ይዤ ሄጄ ለወንድሜ ልጅ ሰጠኋት። «ያለፈው ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ» አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ጀምራለች።

ወንድሜ አሁንም አልተስማማም። አልፈርድበትም፤ አባት ነው። «ሌሎቹም ልጆች ነበራቸው፣ ማን ደረሰላቸው?» ይላል። ለዚህ የሚሆን ቀላል መልስ የለኝም። ለልጅቷ «ምንም አትሆኚም» ብዬ ቃል ልገባላት አልችልም። ቃል የምገባው አንድ ነገር ነው። አያድርገውና አንድ ነገር ብትሆን በዚህ ቤት ማንም «ምን ጥልቅ አደረጋት?» አይልም። እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበችና «ብቻ የትም ስትሄጂ ደውለሽ ንገሪኝ። ማታም ቢሆን አነሣለሁ» አለቻት። ይህ ከእናቴ ሲመጣ ፈቃድ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን አወጣሁና የዚያን የሒሳብ ባለሙያ ቁጥር ፈለግሁ። አራት ዓመት ሙሉ ለበዓል እንኳ አልደወልኩለትም። ሰላምታውን ጨርሰን፣ ስለ ልጆቹ ጠይቄው፣ ጥቂት ዝም አልኩና «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ የካላንደር ዋጋ፣ ልዩነቱ ስንት ነበር?» አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። «ቁጥሩን እኮ አሁንም በቃሌ ይዤዋለሁ» አለኝ። «የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ነው እንጂ።» ነገረኝም። እስክሪብቶ አንሥቼ ጻፍኩት።

እናንተስ፣ ሳትጠይቁት የቀራችሁ ሰው የለም?

እስከሚቀጥለው ወር ሰላም ሁኑልኝ።